አንድ ሻንጣ፣ አራት ጥያቄ፦ አውሮፕላን ላይ ስለሚፈቀድና ስለሚከለከል ዕቃ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን መንገደኛ ወደ አውሮፕላን ይዞ እንዲገባ ስለሚፈቀድለትና ስለሚከለከለው ዕቃ ነው። ከቦሌ አየር ማረፊያ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት ከተማና በቀወት ወረዳ ለሚኖር ሰው ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከዚህ አካባቢ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ወጣት፣ ለሐጅና ለዑምራ የሚነሡት አባት፣ የወለደች ልጃቸውን ለማረስ ባሕር ማዶ የሚሻገሩት እናት ሻንጣቸውን የሚያዘጋጁት እዚሁ ነው። በርበሬው የሚቀመመው፣ ሽሮው የሚፈጨው፣ ቅቤው የሚነጠረው እዚሁ ነው። በዝግጅቱ ላይ የተሠራ ስሕተት ግን የሚታወቀው ጣርማ በርን ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ቦሌ የፍተሻ ማሽን ፊት ሲደረስ ነው። በዚያ ሰዓት ሸኚው ዘመድ ውጭ ቀርቷል። የተከለከለውን ዕቃ ተቀብሎ የሚመልስ ሰው ስለሌለ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምርጫ ጥሎ መሄድ ነው።

ብዙ መንገደኛ ከፍተሻው ሲወጣ «ይሄ ደንብ ግራ ነው፤ አንዱ ጋ ያለፈው ሌላው ጋ ይያዛል» ይላል። ቅሬታው ከባዶ የመጣ አይደለም። ትንሽ ጠርሙስ ሽቶ ያልፋል፤ ግማሹ ያለቀ ትልቅ ጠርሙስ ሎሽን ይቀራል። ቢላዋ ከእጅ ሻንጣ ወጥቶ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ ይባላል፤ ፓወር ባንክ ደግሞ ከሚጫነው ወጥቶ በእጅ ይያዝ ይባላል። በዛሬው ዝግጅት የምናስረዳው አንድ ነገር ነው። ደንቦቹ የሚያደናግሩት ምክንያት ስለሌላቸው አይደለም፤ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች በመንገደኛው ጆሮ እንደ አንድ ትእዛዝ ስለሚሰሙ ነው። የመጀመሪያው የጸጥታ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ዕቃ ሰው ሊጠቃ ይችላል ወይ? ሁለተኛው የእሳት ጥያቄ ነው፦ ዕቃው ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል ወይ? ሦስተኛው የመድረሻው አገር ጥያቄ ነው፦ ይህ ዕቃ ወደ አገሩ እንዲገባ ሕጉ ይፈቅዳል ወይ? አራተኛው የአየር መንገዱ ጥያቄ ነው፦ ክብደቱና መጠኑ በተቆረጠው ትኬት ልክ ነው ወይ? ዕቃውን በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ለየብቻ የመዘነ ሰው፣ ግራ የሚያጋባው ነገር በእጅጉ ይቀንስለታል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። የጸጥታ ደንቦች በአንድ ቀን ተጽፈው የወጡ አይደሉም። እያንዳንዳቸው ከደረሰ ወይም ለጥቂት ከከሸፈ አደጋ በኋላ አንድ በአንድ የተጨመሩ ናቸው። በእኛው አገር ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የጠለፋ ሙከራ ተደርጎበት፣ በበረራ ላይ ተኩስ ተከፍቶ፣ የእጅ ቦምብ ፈንድቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። በዚያ ዘመን ጠለፋ በዓለም ዙሪያ በዝቶ ስለነበር ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መንገደኛና ጓዝ እንዲፈተሽ የሚያዝዘውን የጸጥታ መመዘኛ በመጋቢት 1966 ዓ.ም. አጸደቀ። በታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. ከፓሪስ ወደ ማያሚ ይበር በነበረ አውሮፕላን ውስጥ አንድ ሰው ጫማው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ ሊለኩስ ሲል ተያዘ። ወደ አሜሪካ የሚጓዙና እዚያ የሚዘዋወሩ መንገደኞች ለብዙ ዓመታት በፍተሻ ላይ ጫማ ያወልቁ የነበረው በዚህ የተነሣ ነው። ነሐሴ 4 ቀን 1998 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ፖሊስ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈሳሽ ፈንጂ አስገብተው ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ሊያጋዩ ያሰቡ ሰዎችን መያዙን አስታወቀ። ዛሬ በብዙ አየር ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በ100 ሚሊ ሊትር የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የ100 ሚሊ ሊትር ደንብ ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ቀረብ ብለን እንየው። የሚለካው የፈሳሹ መጠን አይደለም፤ የዕቃው ነው። በ250 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሥር የቀረች ጥቂት ሎሽን አታልፍም፤ ፈታሹ ያየው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነውና። ትንንሾቹ ዕቃዎች ሁሉ ተሰብስበው አንድ ሊትር በምትይዝ፣ ውስጧ በሚታይ ፕላስቲክ ከረጢት መግባት አለባቸው። ፈሳሽ የሚባለውም ውኃና ዘይት ብቻ አይደለም። የሚቀባ፣ የሚዛቅ፣ የሚጨመቅ ሁሉ ከፈሳሽ ይቆጠራል። ማር፣ አዋዜ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የፀጉር ቅባት ከዚህ ይገባሉ፤ ቅቤም በይፋት ሙቀት ቀልጦ ስለሚፈስ እንደ ፈሳሽ ቆጥሮ ማዘጋጀቱ ያዋጣል። በአንጻሩ ለመንገድ የሚያስፈልግ የሕፃን ወተትና በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ከልኩ በላይ ቢሆኑም ለፈታሹ ታይተው ሊያልፉ ይችላሉ። የሐኪሙ ወረቀት አብሮ ቢያዝ ነገሩን ያቀላል። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያ በሚደረግ በረራ ላይ በእጅ የተያዘ ዱቄት 350 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ማለትም የአንድ ጣሳ ለስላሳ ያህል ከሞላ፣ ተለይቶ ይፈተሻል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠም ወደ አውሮፕላን አይገባም። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ መሄድ ያለባቸው ለዚህ ነው። ቢላዋ፣ መቀስና የሙቀጫ ዘነዘናም እንደዚሁ ከእጅ ሻንጣ ይውጡ።

ሁለተኛው ጥያቄ የእሳት ነው፤ እዚህ ላይ የባለቤቱ ቅንነት ምንም አይለውጥም። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር በለንደን ሂትሮው ቆማ ሳለ እሳት ተነሣባት። መንገደኛ አልነበረባትም፤ ሰውም አልተጎዳም። የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች እሳቱ የተነሣው በአደጋ ጊዜ አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ለማመልከት ከተገጠመ ትንሽ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን፣ የመሣሪያው ሽቦዎችም በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው እንደነበር አረጋገጡ። ያቺ ባትሪ የመንገደኛ ንብረት አልነበረችም፤ የተገጠመችውም በባለሙያ እጅ ነው። ያም ሆኖ የግዙፍ አውሮፕላን ጣሪያ አቃጥላለች። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ቡሳን አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ለመነሣት ሲዘጋጅ ከራስ በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ እሳት ተነሣ። መርማሪዎች መንስኤው የዚሁ ዓይነት ባትሪ ያለበት ፓወር ባንክ ሳይሆን እንደማይቀር ገለጹ። ሰዎቹ ሁሉ በሕይወት ወጡ፤ አውሮፕላኑ ግን ነደደ።

እንግዲህ ፓወር ባንክ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የሚከለከለው፣ በእጅ ግን የሚፈቀደው ለምን እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን። የጸጥታውን ጥያቄ ብቻ የሚያስብ ሰው «አደገኛ ከሆነ እንዴት ወደ ሰው መሃል ይገባል?» ይላል። በእሳት ጥያቄ ስናየው ግን መልሱ ግልጽ ነው። በሰው መሃል ጭስ ቢጀምር ወዲያው ይታያል፤ የበረራ አስተናጋጆችም ለዚህ ሠልጥነዋል። በጭነት ክፍል ውስጥ ቢነሣ ግን የሚያየው የለም፤ የሊቲየም እሳት ደግሞ በዚያ ክፍል ባለው ማጥፊያ ጋዝ በቀላሉ አይበርድም። ልኩም በስሌት ይታወቃል። ፓወር ባንኩ ላይ የተጻፈውን የሚሊ አምፒር ሰዓት ቁጥር በ3.7 አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ነው። 20,000 የተጻፈበት 74 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ከ100 በታች ስለሆነ ይፈቀዳል። 30,000 የተጻፈበት 111 ይመጣል፤ ይህ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከ160 በላይ የሆነ ጨርሶ አይፈቀድም። ቁጥሩ ተፍቆ የማይነበብ ፓወር ባንክ ፈታሹ ሊያሰላው ስለማይችል ሊቀር ይችላል። ይዞ መግባት ተፈቀደ ማለት ደግሞ በበረራ ላይ መጠቀም ተፈቀደ ማለት አይደለም። ለምሳሌ ኤሚሬትስ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፕላኖቹ ውስጥ በፓወር ባንክ መጠቀምን ከልክሏል። ለቡና ተብሎ ከጀበናና ከስኒ ጋር የሚታሸገው ከሰልም በዚሁ በእሳት ምክንያት ከሻንጣ ይወጣል፤ ከሰል በራሱ ሊግል የሚችል ዕቃ ተብሎ ተመድቧልና።

ሦስተኛው ጥያቄ የመድረሻው አገር ሕግ ነው። በቦሌ ማለፍ እዚያ ለመግባት ዋስትና እንዳልሆነ ብዙ ሰው የሚረዳው ዘግይቶ ነው። ጫት እዚህ በገበያ ይሸጣል፤ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በአሜሪካና ከ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በእንግሊዝ ግን ወንጀል ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላሉ፤ ምክንያታቸው የከብት በሽታ እንጂ ቦምብ አይደለም። ቋንጣም ወደ አሜሪካ በዚሁ ምክንያት አይገባም። ከሐጅ ተመላሾች የሚያመጡት የዛምዛም ውኃም የራሱ ሥርዓት አለው። በሻንጣ ውስጥ ተደብቆ አይጫንም፤ በተፈቀደው በ5 ሊትር እሽጉ፣ አየር መንገዱ በሚያዘጋጀው አሠራር ነው የሚመጣው። ለታመመ ዘመድ በጠርሙስ የሚላክ ጠበልም ክብሩ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በፍተሻው ፊት ፈሳሽ ነውና ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ዕቃ በእጅ ሻንጣ ማለፍ አይችልም። አራተኛው ጥያቄ አጭር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለሚጓዝ ሰው የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ የሚጫነው ክብደት በትኬቱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በላይ የሆነው በክፍያ የሚፈታ የንግድ ጉዳይ ነው። ከጸጥታ ጋር አይገናኝም።

አራቱን ጥያቄዎች በአንድ ዕቃ ላይ አንድ ላይ እንያቸው። እናት ፍራንክፈርት ላለች ልጃቸው ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ በጣሳ አዘጋጁ እንበል። በእጅ ሻንጣ ይዘውት ቢመጡ የጸጥታው ፍተሻ ይመልሰዋል፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ነው። በሚጫነው ሻንጣ ቢያስገቡት የጸጥታው ጥያቄ ይመለሳል፤ የእሳቱም ጥያቄ አያስቸግርም፤ ሚዛኑም ከልክ ካላለፈ አየር መንገዱ ይጭነዋል። በሦስቱ ያለፈው ቅቤ ግን በሦስተኛው ጥያቄ፣ በጀርመን ጉምሩክ፣ ይወድቃል፤ የወተት ተዋጽኦ ነውና። «ቦሌ ተፈቅዶ እዚያ እንዴት ይከለከላል?» የሚለው ምሬት የሚመጣው ሁሉም ፈታሽ አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ ስለሚመስለን ነው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን፦ የሌላ ሰው አደራ። ውስጡን ያላየነውን፣ በገዛ እጃችን ያላሸግነውን ዕቃ በዝምድናም በይሉኝታም መቀበል የለብንም። ሻንጣው ውስጥ በተገኘው ነገር በሕግ ፊት የሚጠየቀው የሻንጣው ባለቤት ነው። ፈትቶ ማየት አለመተማመን አይደለም፤ ላኪውም ቅን ከሆነ አይከፋውም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። አንደኛው «ደንቡ ትርጉም ቢኖረው ኖሮ በየአገሩ ባልተለያየ ነበር» የሚል ነው። በእርግጥም ይለያያል። ኤዲንብራ አየር ማረፊያ ከ2017 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል። አሜሪካም ጫማ የማስወለቁን ደንብ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አንስታለች። ልዩነቱ የመጣው ግን ከመሣሪያ ነው። አዲሶቹ ስካነሮች የሻንጣውን ውስጥ በየአቅጣጫው እያሳዩ የፈሳሹን ዓይነት ይለያሉ፤ አሮጌዎቹ ጠርሙስ መኖሩን እንጂ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ አይለዩም። መለየት በማይቻልበት ቦታ መጠን መወሰን ምክንያታዊ ነው። ተቃውሞው ትክክል የሚሆንበት ቦታም አለ። አንድ ሰው በ1994 ዓ.ም. በፈጸመው ድርጊት የተነሣ እስከ 2017 ዓ.ም. ሚሊዮኖች ጫማቸውን ሲያወልቁ መኖራቸው፣ ደንብ አውጪዎች የሚጨምሩትን ያህል ለመቀነስ እንደማይፈጥኑ ያሳያል። ይህ መተቸት አለበት። ለመንገደኛው ግን መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከሚያልፍባቸው አየር ማረፊያዎች ሁሉ ጥብቅ በሆነው ልክ መዘጋጀት። አንዱ ጋ የተፈቀደ 2 ሊትር፣ አውሮፕላን በሚቀየርበት ሌላ አየር ማረፊያ ሊጣል ይችላልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ «ክፉ ያሰበ ሰው በባዶ እጁም ጉዳት ያደርሳል፤ ጠርሙስ መልቀም ምን ይጠቅማል?» የሚል። ለዚህ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከደረሰብን አደጋ የበለጠ ማስረጃ የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን ቦይንግ 767 ሦስት ሰዎች ጠለፉ። ያገኙት መሣሪያ የአውሮፕላኑ የራሱ መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ነበር። ቦምብ አለን ብለው ያስፈራሩበት ነገር ደግሞ የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ እንደነበር ኋላ ታወቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ያለቀበትን አውሮፕላን በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ ውኃ ላይ አሳረፉ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ይህ ታሪክ በአንድ በኩል ተቃውሞውን የሚደግፍ ይመስላል፤ እውነተኛ ቦምብ አልነበረምና። በሚገባ ሲመረመር ግን የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። በዚያ ቀን ጠርሙሱ መሣሪያ የሆነው ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል ሰው ስላልነበረ ነው። ፍተሻ የሚጠቅመው አደገኛ ዕቃ ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛ ማስፈራሪያ ዋጋ እንዳይኖረውም ነው። አንድ መንገደኛ የሚተዋት ጠርሙስ ለእሱ ምንም ናት፤ ማንም ትልቅ ጠርሙስ ይዞ እንዳልገባ ማወቅ ግን ለተሳፋሪው ሁሉ የሚተርፍ እርግጠኝነት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው። «ደንቡ በድረ ገጽና በትኬት ላይ ተጽፏል፤ አንብቦ መምጣት የመንገደኛው ፈንታ ነው» ይባላል። አንብቦ ለሚረዳ ሰው እውነት ነው። ነገር ግን ከቀወት ገጠር ለመጀመሪያ ጊዜ የምትበር ወጣት ትኬቷን የቆረጠላት ኤጀንሲ ነው፤ በትኬቱ ላይ ያለው ጽሑፍም በእንግሊዝኛ ነው። ያልደረሳትን መረጃ አላነበበችም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። «ደንቡን በዝርዝር ማስተማር ለወንጀለኛ መንገድ ማሳየት ነው» የሚሉም አሉ። ስለ 100 ሚሊ ሊትርና ስለ ፓወር ባንክ የሚወራው ግን ምሥጢር አይደለም፤ ምሥጢሩ የፍተሻው ዘዴ ነው፤ እሱን ማንም አይጠይቅም። እንዲያውም ሕዝቡ ደንቡን ባወቀ መጠን በማሽኑ ፊት የሚወጣው ጠርሙስና የሚነሣው ክርክር ይቀንሳል፤ ፈታሹም ጊዜውንና ዓይኑን በእውነት ለሚያጠራጥረው ዕቃ ያውላል። የመጨረሻው ውሳኔ የፈታሹ መሆኑም ትክክል ነው። ሆኖም መንገደኛው «ይህ የተከለከለው በየትኛው ምክንያት ነው?» ብሎ በአክብሮት ሲጠይቅ አጭር መልስ ማግኘቱ የፍተሻውን ሥልጣን አይቀንስም፤ ያስከብረዋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ደንቡ እንዲላላ አይደለም፤ ትምህርቱ ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት ሻንጣው የሚታሰርበት ቦታ እንዲደርስ ነው። ለዚህም አዲስ ተቋም አያስፈልግም። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኞች ከመጓዛቸው በፊት ሥልጠና እንዲያገኙ ይደነግጋል። በዚያ ሥልጠና ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ለሻንጣ ይሰጥ፤ እውነተኛ ጠርሙስ፣ እውነተኛ ፓወር ባንክ፣ እውነተኛ የበርበሬ ከረጢት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በአራቱ ጥያቄዎች ይፈተን። የሐጅ ጉዞን የሚያስተባብረው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ስለ ዛምዛምና ስለ ፈሳሽ አስቀድሞ ያሳውቅ። ትኬት የሚቆርጡ ቢሮዎች ከትኬቱ ጋር አንድ ገጽ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የአፋርኛ ማሳሰቢያ ይስጡ፤ ማንበብ ለማይችለው በሥዕል ያሳዩ። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና አየር መንገዱም ደንብ ሲለወጥ ለአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያዎች ቢያስታውቁ፣ ለውጡን በየቋንቋው ማድረስ የእኛ የባለ ማይክራፎኖቹ ሥራ ይሆናል።

እናንተም አድማጮቻችን፣ በቤታችሁ ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ዕቃውን አንድ በአንድ አውጥታችሁ አራቱን ጥያቄ ጠይቁ። ሰው ሊጠቃበት ይችላል? እሳት ሊያስነሣ ይችላል? የሚሄድበት አገር ይፈቅደዋል? ክብደቱ በልኩ ነው? ለአራቱም ጥሩ መልስ ያገኘ ዕቃ ይታሸግ። ያልተመለሰ ጥያቄ ያለበት ዕቃ ላይ ደግሞ ትኬቱን ለቆረጠው ቢሮ ወይም ለአየር መንገዱ ደውላችሁ አጣሩ።